የሾላው አንበጣ እና የጋሽ በላቸው ቋጠሮ

የጡረታ ፎርሜን የሞላችልኝ የኮሌጃችን የሰው ሀብት ሠራተኛ ጥሩ ልጅ ናት። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና "ቲቸር፣ የሥራ ልምድዎን ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩኝ" አለችኝ። አንድ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ውስጥ የመገናኛ ሬድዮ እየጠገንኩ ዘጠኝ ዓመት መሥራቴን ነገርኳት፤ ጻፈች። እዚሁ ኮሌጅ ኮምፒውተር እየጠገንኩና እያስተማርኩ አሥራ ሁለት ዓመት፤ እሱንም ጻፈች። በመካከል ያሉትን አሥራ ሁለት ዓመታት "ሾላ፣ ጌም ቤት" ስላት እስክሪብቶዋ ቆመ።

"ጌም ቤት ማለት… ፕሌይስቴሽን?"

"ከሱ በፊት የነበረው። ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ማሽኖች ናቸው። ሳንቲም እየከተቱ፣ ቆመው የሚጫወቱባቸው። እነሱን እጠግን ነበር።"

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አደረገችና "እሱ ጡረታ ስላልተቆረጠበት አንጽፈውም" አለች። እውነቷን ነው፤ አልተቆረጠበትም። ፎርሙ ላይ ያ ዘመን በሰረዝ ታለፈ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ከነከነኝ። ሥራ ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት በዚያ በሰረዝ በታለፈው ጊዜ ነው፤ ያሳወቁኝ ሰው ደግሞ ጋሽ በላቸው ይባላሉ። ስለዚህ ፎርሙ ያልያዘውን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ያጠፋሁትንም ጭምር።

መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ሲቀንስ ከተቀነሱት አንዷ እኔ ነበርኩ። ማመልከቻዬን ታቅፌ ብዙ ደጅ ጠናሁ። አንድ ቀን ሾላ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ ከገበያው ጀርባ ካለ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ የሚንጫረር የድምፅ ማጉያ ሰማሁ። የሌላ ሰው ልጅ ሲያለቅስ ዝም ብለው ማለፍ የማይችሉ ሴቶች አሉ፤ እኔ ደግሞ የተበላሸ ስፒከር ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም። ገባሁ።

የቤቱ ባለቤት አቶ ከድር ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ስምንት የጌም ማሽኖች ከውጭ ያስመጡት አንድ ዘመዳቸው "ይሄ ነገር እንደ ወፍጮ ነው፤ አንዴ ከተተከለ ራሱ ይፈጫል" ብሏቸው ነው። "ስፒከሩ ላይ ያለው ኮንደንሰር ሞቷል" ስላቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ወደ ውስጥ ተጣሩ፤ "በላቸው፣ አንዲት ሴትዮ መጥታ ኮንደንሰር ሞቷል ትላለች።"

ከአንዱ ማሽን ጀርባ ራሳቸው ገለጥ ያለ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሱ ሰው ብቅ አሉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ገደማ ይሆናል።

"ሳትከፍቺው እንዴት አወቅሽ?" አሉኝ።

"ድምፁ ያሳክካል" አልኳቸው።

ወደ ማሽኑ ተመልሰው ገቡና ከውስጥ ሆነው "ነገ ሁለት ሰዓት ነይ" አሉ። ደሞዙ ከመንግሥቱ ያንስ ነበር፤ ስለሱ ይህን ካልኩ ይበቃል።

የምጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ያሉ እህቶች የት እንደገባሁ ሲሰሙ ደነገጡ። ቁማር ቤት መስሏቸው በሰሞኑ ጸሎት ርዕስ ውስጥ አስገቡኝ። ይህን ለጋሽ በላቸው ስነግራቸው በጣም ሳቁ። "አታስቁሚያቸው፤ ለማሽኖቹም ይተርፋል" አሉ። እሳቸው ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለው ቤታቸው ተነሥተው በእግራቸው እንጦጦ ራጉኤል ደርሰው የሚመለሱ ሰው ነበሩ። ቀኑ በሥራ ቀን ሲውል አራት ሰዓት ላይ ጫማቸው በቀይ አቧራ ተለውሶ፣ የካፖርታቸው ኪስ ውስጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይዘው ይገባሉ። ቅጠሉን ማሽኖቹ ጀርባ ይበትኑታል። "ለበረሮ" ይላሉ። በረሮው ይሽሽ አይሽሽ አላረጋገጥኩም፤ አዳራሹ ግን ጥሩ ይሸት ነበር።

ከስምንቱ ማሽኖች ሁሉ ሰው የሚሞትለት "አንበጣ" ነበር። እውነተኛ ስሙን ያወቀ የለም። የላይኛው የስም መስታወቱ ከኮንቴይነር ሲወርድ ተሰብሯል፤ የቀረው ፊደል የሩቅ ምሥራቅ ስለሆነ የሚያነበው አልተገኘም። ጨዋታው ቀላል ነው። ከላይ አምስት ረድፍ ነጫጭ ነፍሳት ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እየተራመዱ ይወርዳሉ። ከታች ያለችው ትንሽ ነገር ወደ ላይ እየተኮሰች ትከላከላለች። የሾላ ተጫዋቾች ነፍሳቱን አንበጣ፣ የምትተኩሰዋን ማማ፣ ፊት ለፊቷ የቆሙትን መከለያዎች ክምር አሏቸው። ያ ጨዋታ እኛ ዘንድ ሲደርስ የእርሻ ጨዋታ ሆነ። ወረፋ የሚያዘው በቆርኪ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በሚስማር ምልክት የጫረበት የራሱ ቆርኪ አለው፤ መስታወቱ ሥር ይደረድረዋል። የሰው ቆርኪ ያዘዋወረ ለአንድ ሳምንት ማሽኑ አጠገብ አይደርስም።

ጋሽ በላቸው በመጀመሪያው ቀን ካቻቢቴ አላስነኩኝም። "ያልተጫወትሽበትን ማሽን አትፈቺም" አሉኝ። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ትምህርት ያመለጣቸው ጎረምሶች ፊት ቆሜ ተጫወትኩ። አንድ ደቂቃ ሳልሞላ አንበጣው ማሳዬን ጨረሰው።

"ምን ተሰማሽ?"

"ንዴት።"

"እሱን አላልኩሽም። እጀታው ወደ ቀኝ ሲሄድ ምን ተሰማሽ?"

አላስተዋልኩም ነበር። እንደገና አጫወቱኝ፤ አሁንም እንደገና። በአምስተኛው ላይ እጀታው ወደ ቀኝ ሲሄድ ከመመለሱ በፊት ቅንጣት ያህል እንደሚዘገይ እጄ ለየው። ያን ጊዜ ካቻቢቴውን ሰጡኝ። የውስጡ ስፕሪንግ ደክሞ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ይህ ልማዳቸው አልተለወጠም። ማሽን ከመክፈታቸው በፊት መዳፋቸውን ጎኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የሚፈቱትን ብሎን በሙሉ ከየት እንደወጣ በሣሉበት ወረቀት ይጠቀልላሉ። ያዩትን ሁሉ ሰማያዊ ሽፋን ባለው የተማሪ ደብተር ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። ለምን በእስክሪብቶ እንደማይጽፉ ስጠይቃቸው "ተሳስቼ ይሆናላ" አሉኝ። ከዚያ በፊት የሠራሁባቸው አለቆች ሁሉ በእስክሪብቶ ነበር የሚጽፉት።

ዋናው ልማዳቸው ግን ቋጠሮው ነው። በዚያ ጊዜ እንደ ልብ ሽቦ አይገኝም። የስልክ ሽቦ፣ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ሽቦ፣ የተገኘው ይገባል፤ ቀይ የነበረው ጥቁር፣ ጥቁር የነበረው ቀይ ይሆናል። ስለዚህ ጋሽ በላቸው ፖዘቲቩ ሽቦ ላይ ስፒናው አጠገብ አንዲት ትንሽ ቋጠሮ ይቋጥራሉ። "ቀለሙን እርሺው፣ ቋጠሮውን እይ" ይሉኛል። ከዚያም በላይ ከመሰካታቸው በፊት እያንዳንዱን ጫፍ በቴስተር ይለኩና ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ማንም ባይሰማቸውም። እኔም ለመድኩት። ቤቴ ምድጃ ስሰካ ሳይቀር ባለቤቴ "ደግሞ ከማን ጋር ታወሪያለሽ?" ይለኝ ነበር።

አንበጣ ሌላ ደግሞ አንድ ነገር ነበረው። ሦስተኛው ዙር ሲገባ ማሽኑ አንድ፣ ሁለት ብሎ ለመቁጠር ያህል ይቆማል። ተጫዋቾቹ "ትንፋሽ" ይሉታል። በትንፋሹ ጊዜ ቁልፉን የተጫነ ጥይቱ ይጠፋል፤ ማማውም ለአፍታ ይደነዝዛል። ስለዚህ የሾላ ልጅ ሁሉ ሦስተኛው ዙር ሊገባ ሲል ጣቱን ከቁልፉ ላይ ያነሣል። አዲስ ሰው መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ጋሽ በላቸውም ከጥገና በኋላ ሲሞክሩት ሌባ ጣታቸውን ብድግ አድርገው ይጠብቃሉ፤ ትንፋሹ ሲያልፍ መልሰው ያሳርፋሉ።

በስተኋላ ቴሌቪዥንና ፕሌይስቴሽን ያላቸው ቤቶች በየሰፈሩ ሲከፈቱ ደንበኛው ሸሸ። አቶ ከድርም አዳራሹን ወደሚያውቁት ወደ ጨርቃ ጨርቅ መለሱት። ሰባቱ ማሽኖች ለቁራሌው ሲሄዱ ጋሽ በላቸው አንበጣን በስንብት ስጦታ ጠየቁና ተሰጣቸው። በአራት ተሸካሚ ወደ ፈረንሳይ ዳገት ስናወጣው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ለቀው ቆሙ። አንደኛዋ ጎንበስ እንዳለች "ሬሳ ነው?" ብላ ጠየቀች። ጋሽ በላቸው "ኧረ ገና አልሞተም፤ እግዜር ይስጥልኝ" አሏት።

እኔ ከዚያ ሙያ ቀየርኩ። ኮምፒውተር ተማርኩ፤ ኮተቤ አካባቢ ባለ ኮሌጅ ተቀጠርኩ። መጀመሪያ ጥገና፣ ቀጥሎ ድረ ገጽ መሥራት አስተማርኩ። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲገባ የመጀመሪያው ትምህርቴ አንድ ነበር፤ ቀይ ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ኔጌቲቭ። እንደ መዝሙር ነው የማስዘምራቸው። ስለ ቋጠሮ ግን ለማንም አላስተማርኩም። መጽሐፍ ላይ የለማ።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረኝ ጋሽ በላቸው ከልጃቸው ከሰላማዊት ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገቡ። አራተኛ ፎቅ ነው። የአንበጣ ሣጥን በደረጃው ስላልታጠፈ ውስጡን አወጡት፤ ቦርዱን፣ እጀታውንና ቁልፉን በሻንጣ ይዘው ሄዱ። ሣጥኑ ፈረንሳይ ሰፈር የጎረቤት የዶሮ ቤት ሆኖ ቀረ። ከመገናኛ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ተጉዤ ልጠይቃቸው ስሄድ ሻንጣውን አልጋቸው ሥር አሳዩኝ። ከዚያም ስለ ዓይናቸው ነገሩኝ። የዓይን ግፊት ነው፤ ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ቀስ እያለ ይሄዳል ብሏቸዋል።

"ከዳር ነው የጨለመው፤ መሀሉ ይታየኛል" አሉ። ከዚያ ወደ ሻንጣው ጠቆሙ። "አንድ ጊዜ ብጫወት ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሣጥንም የለው፣ ስክሪንም የለው።"

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ተማሪዎቼ ብራውዘር ላይ የሚከፈት ትንንሽ ጨዋታ ይሠሩ ነበር። አንበጣንስ? ቦርዱን ኮሌጅ ወስጄ አስነሥቼ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እለካለሁ፤ ከዚያ ድረ ገጽ ላይ እንደገና እሠራዋለሁ። በሰላማዊት ኮምፒውተር፣ በስልክም ይከፈታል።

"ሣጥን የሌለው አንበጣ?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ዓይኔ ሳይዘጋ ታደርሺዋለሽ?"

"አደርሰዋለሁ" አልኩ። አፌ ቀለለብኝ፤ ግን ከልቤ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮሌጁ ላብራቶሪ ውስጥ ሻንጣውን ከፈትኩ። ቦርዱ እንደ ጥንቱ ነው፤ ከጎኑ የባሕር ዛፍ ቅጠል ደርቆ ተጣብቆበታል። ለተማሪዎቼ ላሳያቸው ፎቶ ላነሣው አሰብኩ። ሽቦው ተጨማዶ ስለነበር አስተካከልኩት። ጫፉ አጠገብ አንዲት ቋጠሮ ነበረች፤ ፎቶ ላይ ታስቀይማለች ብዬ በጥፍሬ ፈታኋት። አዎ፣ ፈታኋት። ከዚያም ሳልለካ፣ ጮክ ብዬ ሳልናገር፣ ቀዩን ከፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከኔጌቲቭ አገናኘሁና ማብሪያውን ተጫንኩ።

ጠሽ አለ። ከመሀል ቀጭን ጭስ ወጣ። ወዲያው አጠፋሁት፤ ግን የተቃጠለ ቺፕ ሽታ አንዴ ከሸተተ በኋላ ማጥፋት ዋጋ የለውም። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ እጄን ሳይ ነው። አውራ ጣቴ ላይ ሽቦው የተወው መስመር ነበር። የፈታኋት ቋጠሮ ጥቁሩ ላይ ነበረች፤ ጥቁሩ ነበር ፖዘቲቩ። ያስታወሰው ጣቴ ነው፤ ጭንቅላቴ በመዝሙሩ ተይዞ ነበር። ከዚያ ቦርድ ሌላ እንደሌለ አውቃለሁ። ጨዋታው ያለበት ቺፕ ራሱ ነው የነደደው። ኢንተርኔት ላይ ቀናት ሙሉ ፈለግሁ፤ የሚመስሉት ብዙ ናቸው፣ እሱን የሆነ ግን አንድም የለም። ሰው ከሃያ ዓመት በላይ በእጁ ያኖረውን ነገር በአንድ ቅዳሜ ገደልኩት።

ከዚህ የከፋው ቀጥሎ ያደረግሁት ነው። ሻንጣውን ይዤ የካ አባዶ ተመለስኩና "ስሰካው ዝም አለ፤ ዕድሜ ሳይሆን አይቀርም" አልኳቸው። ጋሽ በላቸው ቦርዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ዳሰሱት። ጣቶቻቸው ቺፖቹን አልፈው ሽቦው ላይ ሄዱ፤ ጫፉ አጠገብ ሲደርሱ ትንሽ ቆሙ። ፊታቸውን ማየት ስላቃተኝ በመስኮቱ የማዶውን ብሎክ አየሁ።

"ዕድሜ ነው" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ሰላማዊትን ጠርተው ከቁም ሣጥን ውስጥ አራት ሰማያዊ ደብተሮች አስወጡ። "ይኼን ውሰጂ። ከቦርዱ የበለጠ ይናገራል። እጀታውንና ቁልፉንም ውሰጂ፤ እነሱ ደህና ናቸው።"

በሚኒባስ ስመለስ ደብተሮቹን አቅፌ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ሀዘን ላይ ያለሁ መስሏቸው "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉኝ።

ሥራውን የጀመርኩት ከማስታውሰው ነው። የመጀመሪያው አንበጣዬ ያምር ነበር። ሃምሳ አምስቱም ነፍሳት አንድ ላይ፣ እንደ ሰልፈኛ፣ እኩል ይንቀሳቀሱ ነበር። ሳየው ግን ውስጤ አልቀበልም አለ፤ ምክንያቱን ማግኘት አቃተኝ። የመጀመሪያውን ደብተር ስከፍት ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ "አንበጣ ሲቀንስ ይፈጥናል። ሆን ተብሎ የተሰጠ ፍጥነት አይመስለኝም። በአንድ ጊዜ የሚራመደው አንድ ብቻ ነው፤ ሲያልቁ ተራው ቶሎ ይደርሳል። ሸክም ስለቀለለ ነው።"

ይህን ያነበብኩት የመምህራን ክፍል ውስጥ ነው፤ ከወንበሬ ተነሣሁ። ጋሽ በላቸው የፕሮግራም ፊደል አይተው አያውቁም። በዓይናቸውና በደብተራቸው ብቻ የጨዋታውን አንጀት አውቀውታል። ኮዱን አፍርሼ በእሳቸው ቃል እንደገና ጻፍኩት። በእያንዳንዱ ምት አንድ አንበጣ ብቻ ይራመዳል፤ የሞተው ከተራው ይወጣል። የመጨረሻው አንድ አንበጣ ሲቀር እንደ እብድ ይሮጥ ጀመር፤ ልክ እንደ ሾላው። ፍጥነት የሚጨምር አንድም የኮድ መስመር ሳልጽፍበት።

ሌላ ችግር ነበር። ጨዋታው በአንዱ ኮምፒውተር ሲዘገይ በሌላው ይበር ነበር፤ ምቱን ከስክሪኑ ጋር ስላሰርኩት ነው። ከስክሪኑ ፈትቼ ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር አሰርኩት። ደብተሩ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ። የጥይቷ ፍጥነት "ከታች እስከ ላይ፣ 'ራጉኤል' ብዬ እስክጨርስ" ተብሎ ተጽፏል። እኔ ጰንጤዋ ሰዓት ይዤ ሃያ ጊዜ ያህል "ራጉኤል" አልኩ፤ ያቺ የሰው ሀብት ልጅ በዚያን ጊዜ ብትሰማኝ ኖሮ ጡረታዬን ባፈጠነችልኝ።

ሥራው ያለቀ ሲመስለኝ ለቢኒያም አሳየሁት። ቢኒያም በሾላው ዘመን የአንበጣ አንደኛ ነበር፤ ቆርኪው ላይ መስቀል የጫረ። አሁን ከመገናኛ የካ አባዶ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ስመላለስ ነው ያገኘሁት። ተራ እስኪደርሰው ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አደረግሁለት። ሁለት ዙር ተጫወተና ራሱን ነቀነቀ።

"ቲቸር፣ ቆንጆ ነው። ግን አንበጣ አይደለም።"

"ምኑ ነው?"

"እኔ እንጃ። የቸኮለ ነገር አለው። የኛ እንዲህ አይጣደፍም ነበር። ትንፋሹስ የታለ?"

ትንፋሹን ረስቼው አይደለም። ከየት እንደሚመጣ ስላላወቅሁ የማሽን ጉድለት ነው ብዬ ትቼው ነበር። ወደ ደብተሮቹ ተመለስኩ፤ ሦስተኛው ውስጥ፣ እኔ ከመቀጠሬ በፊት የተጻፈ አገኘሁ። "የአንበጣ ክሪስታል ሞተ። ምትክ የለም። ከተቃጠለ ቴሌቪዥን ያወጣሁትን አስገባሁ። ቁጥሩ ትንሽ ያንሳል። ጨዋታው ተጎተተ። ስክሪኑን አስተካከልኩለት። ማንም አላወቀም።" ከሥሩ ከሳምንት በኋላ የተጻፈ ሌላ መስመር፦ "ተጫዋቾች ሦስተኛው ዙር ላይ ቆም ይላል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አዲሱ ክሪስታል ነው። ላስተካክለው ብዬ ነበር። ወደውታል። ልተወው።"

ክሪስታል የማሽኑ የልብ ምት ነው። ሾላ ላይ የነበረው አንበጣ የተሠራበት አገር እንደነበረው አልነበረም። ዘገም ያለ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ የሚተነፍስ፣ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ አንበጣ ነበር፤ የሠሩትም ጋሽ በላቸው ናቸው። እኔ ሌላ አገር ያለ ፋብሪካ የሠራውን ጨዋታ ስመልስ ነው የከረምኩት፤ መመለስ የነበረብኝ የእሳቸውን ጥገና ነው። ደብተሩ ላይ ያገኘሁትን የሁለቱን ክሪስታሎች ቁጥር አካፍዬ ምቱን በዚያው ልክ አዘገየሁት። ትንፋሹን አስገባሁ፤ በትንፋሹ ጊዜ የተጫነ ጥይቱ እንዲጠፋም አደረግሁ። ድምፁንም ከእንጨት ሣጥን ውስጥ እንደሚወጣ አፈንኩት።

ለቢኒያም እንደገና ወሰድኩለት። መኪናው ሞልቶ ነበር፤ አንዱ ተሳፋሪ "ሹፌር፣ እንሂድ እንጂ፣ ሰው ሥራ አለው" ሲል ቢኒያም "ሥራ ላይ ነኝ" አለው። ሦስተኛው ዙር ሊገባ ሲል ጣቱ ከቁልፉ ብድግ አለ። አንድ፣ ሁለት። ጣቱ ተመልሶ ወረደ።

"መጣ" አለ። የዚያን ቀን የሚኒባስ ሒሳቤን አልተቀበለኝም።

እጀታውንና ቁልፉን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሽቦ ሠራሁ፤ በስታኞ በየድኩት። በቴስተር ለካሁ፤ ባዶ ላብራቶሪ ውስጥ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ፖዘቲቩ ላይ አንዲት ቋጠሮ ቋጠርኩ።

ከጀመርኩት ግን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖ ነበር። የካ አባዶ አራተኛ ፎቅ ስደርስ ሰላማዊት በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እትዬ ጥሩወርቅ፣ የአባባ ዓይን ካለፈው በጣም ብሷል። አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።" ላፕቶፑ ብብቴ ሥር ከበደኝ። ቃል ገብቼ ነበር፤ አልደረስኩም።

"ጥሩወርቅ ናት?" አሉ ጋሽ በላቸው ከውስጥ። "አምጪው እንጂ፣ ምን ደጅ ያቆምሻል?"

ጠረጴዛቸው ላይ ከፍቼ እጀታውን በእጃቸው አስያዝኳቸው። መጀመሪያ መዳፋቸውን የላፕቶፑ ጎን ላይ አሳረፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ጣቶቻቸው በሽቦው ላይ ሄዱ፤ ቋጠሮዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ትንሽ ፈገግ አሉ። "ጀምሪው" አሉኝ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ አንበጣው በላቸው። ሁለተኛውንም። ሰላማዊት አጠገባቸው ተቀምጣ "አባባ፣ ቀኝ፤ ቀኝ ላይ ሦስት አሉ" ትላቸዋለች። በሦስተኛው "ቆይ፣ አትንገሪኝ" አሏት። ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አዘንብለው የእርምጃውን ድምፅ ማዳመጥ ጀመሩ። ሲፈጥን ጥቂት እንደቀሩ፣ ሲዘገይ ብዙ እንደሆኑ ያውቃሉ። ነጫጮቹ ነፍሳት በጥቁሩ ላይ ሲያልፉ ጥላቸውን ሳያዩም አልቀሩም። አንደኛውን ዙር ጨረሱ። ሁለተኛው ተጋመሰ። ፊታቸው የድሮው ግራጫ ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ፊት ሆነ። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

"ጋሽ በላቸው፣ ቦርዱን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ዕድሜ አይደለም። ቋጠሮውን ፈትቼው ነው። ዋሸሁዎት።"

ሰላማዊት ቀና ብላ አየችኝ። እሳቸው እጀታውን አልለቀቁም፤ መተኮሱንም አላቆሙም።

"ያኔውኑ አውቄዋለሁ" አሉ። "ሽቦ እኮ ከተፈታም በኋላ የታጠፈበትን ይይዛል። በጣቴ አገኘሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ብነግርሽ እሱን ስታለቅሺ ትኖሪያለሽ እንጂ ይሄን አትሠሪውም ነበር።" የእርምጃው ድምፅ እየፈጠነ ሄደ፤ አንድ አንበጣ ብቻ ቀርቶ ነበር። መቱት። "አሁን ዝም በይ፤ ትንፋሹ ሊመጣ ነው።"

ሌባ ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ ብድግ አድርገው ጠበቁ።